ትንበያ ላይ "ከመደበኛ በላይ" ሲባል ምንድን ነው?

ባለፈው ቆቦ ያለችው አክስቴ ደወለችልኝና ሰላምታውን እንኳን ሳትጨርስ "አንተ ልጅ፣ ሬዲዮኑ ከመደበኛ በላይ ከመደበኛ በላይ ይላል፣ ሙቀቱን ነው ዝናቡን?" አለችኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ በኋላ ሳስበው ግን ጥያቄዋ ልክ ነው፣ ምክንያቱም ሰኔ ሊገባ ሲል የሚወጣ አንድ መግለጫ የቀኑ ሙቀት ከመደበኛ በላይ ይሆናል ይልና ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ የክረምቱ ዝናብ ከመደበኛ በላይ የመሆን እድል አለው ሊል ይችላል። ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ለምትሰማ ሴት ይሄ ምን ይነግራታል? እኔ ራሴ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ቃሉን "በጣም ብዙ" በሚል ነበር የምተረጉመው፣ ተሳስቼ ነበር።

መደበኛ ማለት ጥሩ አየር ወይ ደስ የሚል አየር ማለት አይደለም። የ30 አመት መለኪያ ነው፣ በቃ። የአለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ያስቀመጠው አሁን የሚሰራበት 30 አመት በፈረንጅ ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው፣ በኛ ከ1983 እስከ 2013 መግቢያ ግድም። ዋናው ነገር ደግሞ እያንዳንዱ ቦታ የሚለካው ከራሱ ጋር ነው፣ የቆቦ ግንቦት ከቆቦ ያለፉ ግንቦቶች ጋር፣ የደሴም ከደሴ። ስለዚህ ደሴ "ከመደበኛ በላይ ሞቃት" ተብላ ቆቦ "መደበኛ" ብትባል ደሴ ቆቦን በለጠቻት ማለት አይደለም፣ አቦ ደሴ እኮ ስትሞቅም ጋቢ አይጠፋም። የቆቦ መደበኛ ራሱ ሌላ ሰው የማይችለው ሙቀት ነው።

ወሎ ውስጥ ይሄ በጣም ይለያያል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ፣ ቆቦ 1500 እንኳን አትሞላም፣ አየሩ ደግሞ በየ1000 ሜትሩ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ከደሴ ተነስቶ ሀረጎን እየተጠማዘዘ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ያውቀዋል፣ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ጃኬቱን አውልቆ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። 4 ዲግሪ ማለት እሱ ነው። እና "ምስራቅ አማራ" ወይም "ሰሜን ምስራቅ ኢትዮጵያ" ተብሎ በአንድ ቀለም የተቀባ ካርታ ደጋውን ደላንታንና ሞቃቱን ቆቦን አንድ ላይ ነው የቀባቸው። ስልክ ላይ ያለው አፕም ያው ነው፣ ብዙ ጊዜ ሰፈርህ ውስጥ ቴርሞሜትር ኖሮ አይደለም፣ ኮምፒውተር ሜዳውንም ተራራውንም አማክሎ ያሰላው ቁጥር ነው። በዛ ላይ በስርአት የሚለካ ሙቀት የጥላ ሙቀት ነው፣ አየር በሚያስገባ ነጭ ሳጥን ውስጥ፣ የሰው ቁመት በሚሆን ከፍታ ላይ። ባጃጅ ውስጥ የሚያነደን እዛ ሳጥን ውስጥ የለም።

እሺ ሙቀቱስ ለምን አሁን፣ ሰኔ ሳይገባ? ብዙ ሰው ፀሀይ በሰኔ ነው አናታችን ላይ የምትቆመው ይላል፣ ፈረንጆቹ ሰመር ስለሚሉት መሰለኝ። በወሎ ግን ፀሀይ ልክ አናት ላይ የምትሆነው በአመት ሁለት ጊዜ ነው፣ ሚያዝያ አጋማሽ ላይና ነሐሴ አጋማሽ ላይ። በነሐሴ ደመናው ይሸፍናታል፣ በሚያዝያና በግንቦት ግን እንደ ነሐሴ የሚጋርዳት ደመና የለም። የበልግ ዝናብ ደህና ከሆነ አፈሩ እርጥብ ስለሚሆን ከፀሀዩ ጉልበት የተወሰነው ውሃውን በማትነን ያልቃል፣ በልጉ ከቀረ ግን አፈሩ ምጣድ ነው፣ ሙቀቱ በአብዛኛው ወደ አየሩ ይመለሳል። በልግ በጠፋበት አመት ግንቦቱ የሚብሰው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የሙቀት ማዕበል የሚባል ነገርም አለ፣ ትርጉሙ እንደየሀገሩ ይለያያል ግን አንዱ የታወቀ መለኪያ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ከአማካዩ በ5 ዲግሪ በልጦ ከ5 ቀን በላይ ሲቆይ ነው። አየህ፣ እዛም ከአማካይ ነው።

እዚህ ጋ ሽማግሌዎች የሚሉት ነገር አለ፣ ሲያፍን ዝናብ ቀርቧል ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ሀሩርና ወበቅ አንድ አይደሉም። ሀሩር ደረቅ ነው፣ ቀን ያቃጥላል ማታ ግን ቀለል ይላል። ወበቅ እርጥበት ያለው ነው፣ ላብ አይደርቅም፣ ሌሊትም እንቅልፍ ይከለክላል፣ እርጥበት መጥቷል ማለት ስለሆነ ዝናብ ሊከተለው ይችላል። የሽማግሌዎቹ ነገር ለወበቅ ይሰራል፣ ለሀሩር አይሰራም፣ ሁለቱም ግን መግለጫው ላይ በአንድ ቃል "ከመደበኛ በላይ ሙቀት" ተብለው ሊወጡ ይችላሉ።

አሁን ወደ ዝናቡ፣ ትልቁ ስህተት እዚህ ነው። በየአመቱ ግንቦት ላይ ኬንያ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል የ11 ሀገር ባለሙያዎችን ሰብስቦ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን የቀጠናውን ትንበያ ያወጣል፣ ለኛ ደግሞ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የራሱን ይሰጣል። የሚሰሩት እንዲህ ነው። የአንድ አካባቢን የ30 አመት ክረምት ከደረቁ ወደ እርጥቡ ደርድር፣ ለሶስት ክፈለው። 10ሩ ደረቅ አመት "ከመደበኛ በታች"፣ መሀል ያሉት 10ሩ "መደበኛ"፣ 10ሩ እርጥብ "ከመደበኛ በላይ"። ምንም የማያውቅ ሰው ቢጠየቅ ለሶስቱም 33 33 በመቶ ይሰጣል። ባለሙያው ደግሞ ውቅያኖሱን አይቶ ሚዛኑን ወደ አንዱ ያጋድለዋል፣ እንበል ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20። እኛ ጆሮ ላይ የሚደርሰው "45 በመቶ ከመደበኛ በላይ ዝናብ" ተብሎ ነው፣ ሰውም ዝናቡ በ45 በመቶ ይጨምራል ብሎ ይረዳዋል። ኧረ አይደለም! ስለ መጠን የተባለ ነገር የለም፣ እድል ነው። እንዲህ አይነት ትንበያ 100 ጊዜ ቢወጣ 20ው ላይ ክረምቱ ደረቅ ይሆናል፣ ትንበያው ደግሞ አልተሳሳተም።

ውቅያኖሱ ያልኩት ኤልኒኖን ነው። በጣም ሩቅ፣ የፓሲፊክ ውቅያኖስ መሀሉ ሲሞቅ የኛ ክረምት የመድከም ልማድ አለው፣ ላኒና ሲሆን፣ ማለትም ውቅያኖሱ ሲቀዘቅዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ በተቃራኒው። የ2007ን ክረምት ወሎ ያለ ሰው አይረሳውም፣ ኤልኒኖ ነበር፣ በልጉም ክረምቱም ከዳ፣ በ2008 የምግብ እርዳታ ያስፈልገዋል የተባለው ሰው በሀገር ደረጃ 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ትንበያ ዝም ብሎ ግምት ነው የሚሉ ሰዎች ላይ የምናደደው ለዚህ ነው፣ እድል ብቻ ቢሆንም እድሉን አስቀድሞ ማወቅ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግን አንድ የጎደለው ነገር አለ፣ እኔ በጣም የምበሳጭበት። የወቅት ትንበያ የአራት ወሩን ድምር ነው የሚያወራው። ሰኔ ላይ ጀምሮ ተቋርጦ፣ ሀምሌን ግማሹን ጠፍቶ፣ ነሐሴ ላይ ጎርፍ ሆኖ ቢወርድ ድምሩ "ከመደበኛ በላይ" ሊሆን ይችላል፣ ማሽላው ግን ደርቋል ወይ በጎርፍ ተወስዷል። ለገበሬ የሚጠቅመው መቼ ይገባል፣ መቼ ይወጣል፣ መሀል ላይ ስንት ቀን ይቋረጣል የሚለው ነው። ለሱ የሚሻለው የየ10 ቀኑ ትንበያ ነው፣ እሱ ደግሞ እንደ ትልቁ መግለጫ ወሬ አይሆንም፣ ማንም አይቀባበለውም።

ይሄን ሁሉ ለአክስቴ በስልክ አስረዳኋት፣ ካርዴ እስኪያልቅ። ዝም ብላ ሰማችኝ። እሷ ደጋሊቱን፣ ያንን ረዥም ጊዜ የሚፈልገውን ማሽላ፣ ሚያዝያ ላይ መዝራት ነበረባት፣ በልጉ ሲቀር ግን አለፈ፣ ስለዚህ አሁን ያላት ምርጫ ቶሎ የሚደርሰው ማሽላና ሀምሌ ላይ የሚዘራው ጤፍ ነው።

"እና 100 ጊዜ ቢሆን 20ው ደረቅ ነው አልክ?" አለችኝ።

"አዎ ለምሳሌ ያህል ነው፣ አብሽሪ፣ የሚበዛው እኮ..."

"እሱ 20ው ለኛ ቢደርሰንስ?"

ምን ልበላት፣ ዝም አልኩ። "ተወው" አለች እየሳቀች፣ "ለሱ ብዬ ነው ግማሹን መሬት ለጤፍ ያስቀመጥኩት፣ ከደረቀም ሽምብራ አለ። ሙቀቱ ነው እንጂ ያስጨነቀኝ፣ ዝናቡንማ ጁምዓ ዱዓ እናደርጋለን።" ስልኩን ዘጋችው።