የዘመናት የቤዝቦል ሊግ ምንድን ነው?

የ1927ቱ ኒውዮርክ ያንኪስ ከ1975ቱ ሲንሲናቲ ሬድስ ጋር ቢገጥም ማን ያሸንፋል? (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካ ውስጥ ይህን ጥያቄ በክርክር ብቻ የማይተዉት ሰዎች አሉ። ቡድኖቹን የምናብ ሊግ ውስጥ ያስገቧቸዋል። መርሐ ግብር ያወጡላቸዋል፣ ያጋጥሟቸዋል፣ የደረጃ ሰንጠረዥ ይይዙላቸዋል። የዘመናት ሊግ ይህ ነው፤ በተለያየ ዘመን የነበሩ ቡድኖች በወረቀት ወይም በኮምፒውተር የሚፋለሙበት ውድድር።

ብዙውን ጊዜ የሚመረጡት ስማቸው የገነነ ቡድኖች ናቸው። የ1927ቱ ያንኪስ 110 ጨዋታ አሸንፎ 44 ተሸንፏል። ተጫዋቹ ቤብ ሩት ብቻውን 60 ሆምራን (ኳሷን ከሜዳ ውጪ የሚያወጣ ምት) መትቷል። እኔን የሚስቡኝ ግን መጨረሻው ያላማረላቸው ናቸው። ቺካጎ ከብስ በ1906 ዓ.ም. 116 ጨዋታ አሸንፎ 36 ብቻ ተሸነፈ፤ ከዚያ ለዋንጫው በገዛ ከተማው ተቀናቃኝ በዋይት ሶክስ ተረታ። የ2001ዱ ሲያትል ማሪነርስም 116 አሸንፎ ለፍጻሜ እንኳን አልደረሰም። እነዚህን እንደገና ማጫወት ደስ ይላል።

ቤዝቦል ለዚህ ነገር የተፈጠረ ይመስላል። እግር ኳስ ላይ 22 ሰው በአንዴ ይንቀሳቀሳል፣ ማን ምን እንዳደረገ ለመቁጠር ያስቸግራል። ቤዝቦል ላይ ግን ኳሷን የሚወረውር አንድ ወርዋሪና በዱላ የሚመታ አንድ መቺ ይፋጠጣሉ፣ ውጤቱም ይመዘገባል። ከመቶ ዓመት በላይ እንዲህ ሲመዘገብ ኖሯል።

ሃል ሪችማን የሚባል አሜሪካዊ በ1961 ለገበያ ያቀረበው ስትራት-ኦ-ማቲክ የተባለ ጨዋታ ይህን መዝገብ ወደ ካርድ ቀየረው። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ካርድ አለው። ሦስት ዳይስ ይጣላል። የመጀመሪያው ከ1 እስከ 3 ካወጣ የመቺው ካርድ ይታያል፣ ከ4 እስከ 6 ካወጣ የወርዋሪው። የቀሩት ሁለት ዳይሶች ድምር ደግሞ ካርዱ ላይ የትኛው መስመር እንደሚነበብ ይነግራል። ብልሃቱ እዚህ ጋ ነው። ድምሩ 7 የመሆን ዕድሉ 2 ከመሆን ስድስት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ጎበዝ መቺ ጥሩ ጥሩው ውጤት ቶሎ ቶሎ በሚወጡት ቁጥሮች ላይ ይጻፍለታል። ዛሬ እንደ አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ያሉ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ይህንኑ ስሌት በቅጽበት ይሠሩታል።

ችግሩ የዘመኖቹ ቁጥር አለመመሳሰሉ ነው። በ1968 ወርዋሪዎች ነገሡ። ወርዋሪው ቦብ ጊብሰን፣ በባልደረቦቹ ስህተት የመጣው ሳይታሰብ፣ በዘጠኝ ኢኒንግ (የአንድ ሙሉ ጨዋታ ዙሮች) በአማካይ 1.12 ነጥብ ብቻ ነበር የሚቆጠርበት። በአሜሪካን ሊግ (ከዋናው ቤዝቦል ሁለት ሊጎች አንዱ፣ ሌላው ናሽናል ሊግ ነው) በመምታት አንደኛ የወጣው ካርል ያስትሬምስኪ አማካዩ .301 ነበር፣ ማለትም ከአሥር ሙከራ ሦስቱ ገደማ ተሳክቶለታል። በቀጣዩ ዓመት ወርዋሪው የሚቆምበት ጉብታ ከ15 ኢንች ወደ 10 እንዲወርድ ተደረገ። አሁን ወደ 1930 እንሂድ። የናሽናል ሊግ መቺዎች በሙሉ፣ ደካማውም ጎበዙም ተደምሮ፣ አማካያቸው .303 ነበር! የአንዱ ዘመን አንደኛ በሌላው ዘመን ከተራ ተጫዋች በታች ይሆናል ማለት ነው።

መፍትሔው ተጫዋቹን ከራሱ ዘመን አማካይ ጋር ማስተያየት ነው። እኛም በአትሌቲክስ ይህን እናውቀዋለን። አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ በ1964 ማራቶኑን በ2:12:11 ጨረሰ። ኃይሌ በ2008 በርሊን ላይ 2:03:59 ሮጠ። በሰዓት ብቻ ከሄድን አበበ በስምንት ደቂቃ ተበልጧል። ግን አበበ ያን ቀን ሁለተኛ የወጣውን ከአራት ደቂቃ በላይ ጥሎት ነበር የገባው። በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ በ2000 በዘጠኝ ኢኒንግ 1.74 ነጥብ የተቆጠረበት ወርዋሪ ፔድሮ ማርቲኔዝ ቦብ ጊብሰንን በጥቂቱ ይበልጠዋል፤ ምክንያቱም በእሱ ሊግ አማካዩ ወደ 5 የተጠጋ ነበር፣ በጊብሰን ጊዜ ግን 3 ገደማ።

ይህም ቢሆን አንድ ነገር ይደብቃል። ስሌቱ ዘመኖቹ እኩል ጠንካራ እንደነበሩ ይቆጥራል። የ1927ቱ ያንኪስ ግን በሊጉ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልገጠመውም። ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን በሩን የከፈተው በ1947 ነው። በ2024 ጥቁሮች ተለይተው ይጫወቱባቸው የነበሩት ሊጎች ቁጥር ከዋናው መዝገብ ሲቀላቀል፣ በእነሱ የተጫወተው ጆሽ ጊብሰን በ.372 የምንጊዜም የመምታት አማካይ አንደኛ ሆነ፣ የቀድሞውን አንደኛ ታይ ኮብን በልጦ። በእኔ እምነት የዘመናት ሊግ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የ1930ዎቹን የጥቁሮች ቡድን ፒትስበርግ ክሮፎርድስን፣ ጆሽ ጊብሰን ያለበትን፣ ከቤብ ሩት ቡድን ጋር ማፋጠጥ ይቻላል። ዘረኝነት የከለከለው ግጥሚያ ነው።

ሕጉስ የማን ዘመን ይሁን? በ1927 ወርዋሪው ራሱም ይመታ ነበር፤ አሜሪካን ሊግ በ1973 በወርዋሪው ፈንታ የሚመታ ምትክ መቺ ፈቀደ። ይህን የሊጉ አዘጋጅ አስቀድሞ መወሰን አለበት፣ አለበለዚያ ጭቅጭቁ አያልቅም። ደግሞም በአንድ ጨዋታ አይፈረድም። ስምንት ቡድኖች እንደ ድሮው 154 ጨዋታ ቢጫወቱ 616 ግጥሚያ ይሆናል። ኮምፒውተር ምንም አይመስለውም። በዳይስ ለሚጫወት ሰው ግን የስንት ምሽት ሥራ ነው፤ ደግሞ ብዙዎቹ የሚመርጡት ይሄንኑ ነው።