ሶክአይ ሳልሞን የተባለው ዓሣ እንቁላል ከጣለ በኋላ የሚሞተው ለምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ባለው የባዮሎጂ ጥናት ቡድናችን «ሳልሞን የሚሞተው ከባሕር ወጥቶ ጨው አልባ ውኃ ስለሚገባ ነው» የሚል መልስ እየተደጋገመ ነው። ትክክል አይደለም። ኮካኒ የሚባለው የሶክአይ ዓይነት ባሕር ሳያይ ዕድሜውን በሙሉ ሐይቅ ውስጥ ይኖራል፤ እንቁላል ከጣለ በኋላ እሱም ይሞታል።

ምክንያቱ ያለው በአካሉ ውስጥ ነው። ሶክአይ ወደ ተፈለፈለበት ወንዝ ሲመለስ መብላት ያቆማል፤ አንጀቱም ይሟሽሻል። ዳገቱን የሚወጣው ባሕር ላይ ባጠራቀመው ስብ፣ ስቡ ሲያልቅ ደግሞ በገዛ ጡንቻው ነው። ኮርቲዞል የተባለው ሆርሞን በጣም ስለሚጨምር በሽታ የመከላከል አቅሙ ይደክማል፣ ቆዳውን ሻጋታ ይወርሰዋል። ሴቷ ጠጠሩን በጅራቷ ቆፍራ ከ2,000 እስከ 4,000 ገደማ እንቁላል ትጥላለች፤ ወንዱ ዘሩን ይለቅበታል። የመንዝ ገብስ አንዴ አፍርቶ እንደሚደርቅ፣ ሁለቱም በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ይሞታሉ። ይህ አይለወጥም።

የሚለያየው ዕድሜው ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2020 መገባደጃ የተጣለ እንቁላል በ2021 ጸደይ ጫጩት ሆኖ ከጠጠሩ ይወጣል፣ ሐይቅ ውስጥ ቆይቶ በ2022 ወደ ባሕር ይወርዳል፣ በ2024 ይመለሳል። ሐይቁ ውስጥም ሆነ ባሕር ላይ አንድ ዓመት የሚጨምሩ አሉ።

የቅርብ ዘመዱ ሬንቦ ትራውት ግን ከአንድ ጊዜ በላይ ሊራባ ስለሚችል፣ ፈተና ላይ «የሳልሞን ወገን ሁሉ ይሞታል» ብላችሁ አትጻፉ።