ለላቁ ሴራሚኮች ምርምር የሚገኝ ገንዘብ፦ ከድሬዳዋ ሲታይ

ሴራሚክ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የወለል ንጣፍና ስኒ ነው። የላቁ ሴራሚኮች የሚባሉት ግን ንጽሕናቸውና የቅንጣታቸው መጠን ተመጥኖ የሚሠሩ ቁሶች ናቸው፤ አሉሚና፣ ዚርኮኒያ፣ ሲሊከን ካርባይድና ሲሊከን ናይትራይድ ዋነኞቹ ናቸው። የመኪና ካንዴላ ነጩ ክፍል አሉሚና ነው። ዚርኮኒያ ደግሞ ለሰው ሠራሽ ጥርስ ይውላል። እነዚህን ቁሶች የማምረትና የማቀነባበር ምርምር ውድ ስለሆነ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚገኝ ማወቅ የሥራው አንድ ክፍል ነው።

ድሬዳዋ ለዚህ ምርምር እንግዳ ቦታ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተቆረቆረችው ከተማ በጣሊያን ወረራ ዘመን የሲሚንቶ ፋብሪካ ተተክሎባት፣ የኖራ ድንጋይዋን ወደ ምርት ስትለውጥ ኖራለች። ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ክሊንከር የሚበስለው በ1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ምድጃውን ከዚህ ሙቀት የሚጠብቀው እሳት ቻይ ጡብ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሲሆን፣ ጡቡ ሲያልቅ ምድጃው መቆሙ አይቀርም። በሐረር አቅራቢያ በኮምቦልቻ ደግሞ ካዎሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ አፈር ክምችት አለ። ካዎሊን ሲጋገር ሙላይት የሚባለውን ሙቀት ቻይ ማዕድን ይሰጣል። እርግጥ ነው፣ ለምድጃው እጅግ ለጋለው ክፍል ማግኒዥያ (የማግኒዚየም ኦክሳይድ) ያለበት ጡብ ያስፈልጋል፤ ሙቀቱ ዝቅ ለሚልባቸው ክፍሎች ግን ከካዎሊን የሚሠራ ጡብ ሊያገለግል ይችላል። እኔ እንደማምነው ከድሬዳዋ የሚነሣ ጠንካራ የምርምር ሐሳብ መነሻው ይህ ነው። ችግሩ ከደጃፍ ነው፤ የጥሬ ዕቃው ምንጭም ሩቅ አይደለም፤ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተለዩት ስምንቱ አንዱ ነው።

ገንዘቡን የሚበላው ምኑ ነው? ሂደቱ ከዱቄት ይጀምራል፦ መፍጨት፣ ማጣራት፣ በግፊት ወይም በቅርጽ ማውጫ ማበጀት፣ ከዚያም ሲንተሪንግ፤ ማለትም ዱቄቱ ሳይቀልጥ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እስኪያያዙ መጋገር። አሉሚና ለዚህ 1,600 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። በሚጋገርበት ጊዜ ቁሱ በየአቅጣጫው ከ15 እስከ 20 በመቶ ሊኮማተር ስለሚችል፣ ልኩን ጠብቆ ማውጣት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ከተጋገረ በኋላ ደግሞ በአልማዝ መሣሪያ ካልሆነ በቀር በቀላሉ አይቆረጥም። ውስጡን ለማየት ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕና የቁሱን ክሪስታሎች የሚለይ የኤክስሬይ ዲፍራክሽን መሣሪያ ያስፈልጋል። እነዚህን ሁሉ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የውስጥ በጀት መጠበቅ አይቻልም።

በአገር ውስጥ የዩኒቨርሲቲዎች ዓመታዊ የምርምር ጥሪ የመጀመሪያው በር ነው፤ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም የጥሬ ዕቃ ትንተና ለመጀመር ይረዳል። በጣሊያን ትሪየስት ከተማ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የዓለም ሳይንስ አካዳሚ በሳይንስ ወደ ኋላ በቀሩ አገሮች ላሉ ተመራማሪዎች የመሣሪያና የላቦራቶሪ ግብዓት መግዣ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል፤ የገንዘቡ ባሕርይ ለዚህ ሥራ ይስማማል። በዚያው ከተማ ያለው የታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ደግሞ ዶክትሬታቸውን ላገኙ ወጣት ሴት ተመራማሪዎች እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ ድጋፍ አለው። ለድሬዳዋና ለሐረማያ መምህርት ይህ ከሁሉ የቀረበ ዕድል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ተመራማሪዋ በአገሯ ተቋም ሆና ላቦራቶሪዋን እንድታደራጅ የታሰበ ነውና።

የአውሮፓ ኅብረት ሆራይዘን አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2027 የሚዘልቅ የምርምር ገንዘብ ፕሮግራም ነው። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ተቋማት፣ የኢትዮጵያን ጨምሮ፣ በጥምረት ውስጥ ገብተው በቀጥታ ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ። የኅብረቱ ማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ የድኅረ ዶክትሬት ድጋፍም ለማንኛውም ዜጋ ክፍት ነው፤ የሚጠይቀው ዶክትሬት ከተገኘ በኋላ ያለው የምርምር ልምድ ከ8 ዓመት እንዳይበልጥ ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ለሴራሚክ የተለየ የምርምር መርሐ ግብር ቢኖረውም፣ ገንዘቡ በዋናነት ለአሜሪካ ተቋማት ነው፤ ከኢትዮጵያ የሚገባበት መንገድ በተባባሪነት ብቻ ነው። በአፍሪካ ደረጃ ፓሴት የተባለው፣ በተግባራዊ ሳይንስ፣ በምሕንድስናና በቴክኖሎጂ ክህሎት ላይ የሚሠራው የአፍሪካ አገሮች ትብብር ያለው ቀጠናዊ የነፃ ትምህርትና የፈጠራ ፈንድ ማዕድንና የቁስ ምሕንድስናን ከትኩረት መስኮቹ አንዱ አድርጎታል።

ከፋብሪካ ጋር የተፈረመ ስምምነት የማመልከቻን ክብደት ይለውጣል። ፋብሪካው ያገለገለ ጡብ፣ የምድጃ የሙቀት መዝገብና የሙከራ ቦታ ሊሰጥ ይችላል፤ እነዚህም በብዙ ጥሪዎች ላይ እንደ ተጓዳኝ መዋጮ፣ ማለትም አመልካቹ ከራሱ ወገን እንደሚያዋጣው ድርሻ፣ ሊቀርቡ ይችላሉ። ከማመልከቻው ጋር የካዎሊኑ ኬሚካላዊ ይዘት፣ በተለይም የብረት ኦክሳይዱ መጠን፣ መያያዝ አለበት፤ ብረቱ ሲበዛ የቁሱ ሙቀት ቻይነት ይቀንሳልና። በጀት ሲሠራም የላቦራቶሪ ምድጃውን ዋጋ ብቻ መጻፍ ጉዳት አለው። የማጓጓዣው፣ የተከላው፣ የሥልጠናው፣ መብራት ሲጠፋ የሚረዳው ጄኔሬተርና ተሰባሪ የሆነው የማሞቂያ ዘንግ መለዋወጫ በየራሳቸው መስመር ሊገቡ ይገባል።