የዊምብልደን የሴቶች ጥንድ ውድድር

በየዓመቱ ሰኔ ሊያልቅ ሲል በደቡብ ምዕራብ ለንደን የዊምብልደን ቴኒስ ይጀመራል። በኦል ኢንግላንድ ክለብ የሣር ሜዳዎች ላይ ለሁለት ሳምንት ይቆያል። አንድ ለአንድ ከሚደረገው ነጠላ ጎን ለጎን፣ ሁለት ለሁለት የሚጫወቱበት የሴቶች ጥንድም ይካሄዳል። 64 ጥንዶች ይገቡበታል። የተሸነፈ ወዲያው ይሰናበታል፤ ዋንጫውን ለማንሳት ስድስት ጊዜ ማሸነፍ ግድ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው ጥንዱን የሚያየው እንደ ነጠላው ማሟያ ነው። ለነጠላ ያልበቁ የሚገቡበት የሚመስለውም አለ። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ጥንድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ለዚህ ደግሞ ከኤልዛቤት ራያን የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ራያን ካሊፎርኒያ ተወልዳ እንግሊዝ የኖረች ተጫዋች ነበረች። ከ1914 እስከ 1934 ባለው ጊዜ የዊምብልደንን የሴቶች ጥንድ 12 ጊዜ አሸንፋለች። ይህን ቁጥር እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም። ስድስቱን የወሰደችው ከፈረንሳይዋ ሱዛን ሌንግለን ጋር ተጣምራ ነው። በ1926 ግን ሌንግለን ከአገሯ ልጅ ጋር እንድትጫወት ተደረገ። ራያን አሜሪካዊቷን ሜሪ ብራውንን ይዛ መጣች። ገና በመጀመሪያው ዙር ከሌንግለን ጋር ተገናኙ። ራያንና ብራውን የመጀመሪያውን ሰት (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ክፍሎች አንዱን) ተሸንፈው ሁለተኛውን 9 ለ 7፣ ሦስተኛውን 6 ለ 2 ወሰዱ። ከዚያም ዋንጫውን አነሱ።

በነጠላ ግን ራያን አልቀናትም። ሁለት ጊዜ ለመጨረሻው ጨዋታ ደርሳ ሁለቴም ተሸነፈች። የወንድና ሴት ቅልቅል ጥንዱ ሲደመር 19 የዊምብልደን ዋንጫ አላት፤ ከዚህ ውስጥ አንድም የነጠላ የለም። ሐምሌ 1979 እዚያው ክለብ ውስጥ ሳለች ታማ በ87 ዓመቷ አረፈች። በማግስቱ ቢሊ ጂን ኪንግ ከማርቲና ናቭራቲሎቫ ጋር ጥንዱን አሸንፋ 20ኛ የዊምብልደን ዋንጫዋን አነሳች። የራያን ክብረ ወሰን በዚያ ቀን ተሰበረ። ከኪንግ 20 ዋንጫዎች ግማሹ የሴቶች ጥንድ ነው። የመጀመሪያውን በ1961 ስታሸንፍ ገና 17 ዓመቷ ነበር።

ውድድሩ በይፋ የተጀመረው በ1913 ነው። የሴቶች ነጠላ ከ1884 ጀምሮ ስለነበር ጥንዱ ብዙ ዘግይቷል። የመጀመሪያዎቹ አሸናፊዎች ዊኒፍሬድ ማክኔርና ዶራ ቡዝቢ ናቸው። የመጨረሻውን ጨዋታ እየተመሩ ሳለ ከተጋጣሚዎቹ አንዷ ተጎድታ ስላቋረጠች ነው ዋንጫው የደረሳቸው። ከዚያ ወዲህ ውድድሩ የተቋረጠው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶችና በ2020 በኮሮና ምክንያት ብቻ ነው።

ወደ አጨዋወቱ እንምጣ። ለጥንድ ሜዳው በግራና በቀኝ 1.37 ሜትር ይሰፋል፤ ጠቅላላ ስፋቱ 10.97 ሜትር ይሆናል። ከሦስት ሰት ሁለቱን የወሰደ ያሸንፋል። በሦስተኛው ሰት 6 እኩል ከሆኑ እስከ 10 ነጥብ የሚሄድ ታይብሬክ (አሸናፊውን የሚለይ ማሳረጊያ) ይጫወታሉ። ይህ ሕግ የመጣው በ2022 ነው። ጠንካሮቹ ገና በጅምሩ እርስ በርስ እንዳይገናኙ ደረጃ የሚሰጣቸው 16 ጥንዶች ሲሆኑ፣ የሚወሰነውም የሁለቱ ተጫዋቾች የዓለም ደረጃ ተደምሮ ነው።

ቴሌቪዥን ላይ ስታዩ ዓይናችሁን ከምትሰርቨዋ (የመጀመሪያውን ኳስ መትታ ከምታስጀምረው) አንሱና መረቡ አጠገብ ያለችውን ተመልከቱ። ጎንበስ ብላ አንድ እጇን ወደ ጀርባዋ አዙራለች። በጣቶቿ ለተጣማሪዋ ምልክት እየሰጠች ነው። ብዙ ጊዜ የተጨበጠ እጅ ባለሁበት እቆያለሁ ማለት ነው፤ የተከፈተ እጅ ደግሞ አቋርጬ ኳሱን እነጥቃለሁ። ተጋጣሚዎቹ ምልክቱን ማየት አይችሉም። ሰርቩ ሲመታ እሷ አንድ እርምጃ ትሰነዝራለች፤ ኳሱ መሬት ሳይነካ ቮሊ አድርጋ በሁለቱ ተጋጣሚዎች መሃል ትለቀዋለች። ነጥቡ በሦስት ምት ያልቃል። ሣር ላይ ኳስ ዝቅ ብሎ ስለሚነጥር ይህ አጨዋወት ከሌላ ሜዳ ይልቅ እዚህ ያዋጣል። ለእኔ የጥንድ ውበቱ እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ጥበብ ናቭራቲሎቫንና ፓም ሽራይቨርን የሚስተካከል ጥንድ ማግኘት ይከብዳል። አብረው አምስት ጊዜ ዊምብልደንን ወስደዋል። ከ1983 እስከ 1985 ድረስ 109 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉ። ያስቆማቸውም ይኸው ዊምብልደን ነው። በ1985 የመጨረሻ ጨዋታ የመጀመሪያውን ሰት ከወሰዱ በኋላ ካቲ ጆርዳንና ሊዝ ስማይሊ ተነስተው አሸነፏቸው።

ከውጤት ባሻገር የሚታወሱ ጥንዶችም አሉ። በ1956 ያሸነፉት አልቲያ ጊብሰንና አንጄላ ባክስተን ናቸው። ጊብሰን ጥቁር አሜሪካዊት፣ ባክስተን ደግሞ እንግሊዛዊት አይሁድ ነበሩ። ሁለቱም በማንነታቸው የተነሳ በር የተዘጋባቸው ነበሩ፤ ተጣማሪ ማግኘት እንኳ ቀላል አልነበረም። ጊብሰን በዊምብልደን ዋንጫ ያነሳች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተጫዋች የሆነችው በዚያ ጥንድ ነው። ከአሥርት ዓመታት በኋላ ጊብሰን ታማና ተቸግራ ሳለ የደወለችው ለባክስተን ነበር። ባክስተንም ከቴኒስ ወዳጆች ገንዘብ አሰባስባ ደረሰችላት።

የዊሊያምስ እህትማማቾችን ማንም ያውቃቸዋል። ቬነስና ሴሬና ጥንዱን ከ2000 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ስድስት ጊዜ ወስደዋል። በሁሉም ግራንድ ስላሞች (በአራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች) 14 የመጨረሻ ጨዋታ ደርሰው 14ቱንም አሸንፈዋል። በ2012 ሴሬና ነጠላውን ባሸነፈችበት ቀን፣ ከሰዓታት በኋላ ከእህቷ ጋር ተመልሳ የጥንዱን ዋንጫ አነሳች።

የገንዘቡ ነገር ግን ቅር ያሰኛል። ከ2007 ጀምሮ ወንዱም ሴቱም እኩል ይከፈላቸዋል፤ ይህ ትልቅ ድል ነው። በነጠላና በጥንድ መካከል ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። በ2025 የነጠላ አሸናፊ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ስትወስድ፣ የጥንዱ አሸናፊዎች ለሁለት 680 ሺህ ፓውንድ ተካፍለዋል።

የቅርብ ዓመታቱን ታሪክ ካነሳን የታይዋኗ ሽየህ ሱ-ዌይ አትቀርም። በቀኝም በግራም ኳስ በሁለት እጅ የምትመታ፣ ለመገመት የምታስቸግር ተጫዋች ናት። በ2013፣ በ2019፣ በ2021 እና በ2023 አሸንፋለች፤ በመጨረሻው ጊዜ 37 ዓመቷ ነበር። በ2021 ተጣማሪዋ የቤልጂየሟ ኤሊሴ ሜርተንስ ነበረች። ሁለቱ ለመሸነፍ አንድ ነጥብ ሲቀራቸው ሁለት ጊዜ ተርፈው፣ ቬሮኒካ ኩደርሜቶቫንና ኤሌና ቬስኒናን በሦስተኛው ሰት 9 ለ 7 ረቱ። በ2025 ሽየህ ከየሌና ኦስታፔንኮ ጋር እንደገና ለዋንጫ ቀረበች። ከመረቡ ማዶ የቆሙት ሜርተንስና ኩደርሜቶቫ ነበሩ። ሽየህና ኦስታፔንኮ የመጀመሪያውን ሰት ቢወስዱም ጨዋታው 3 ለ 6፣ 6 ለ 2፣ 6 ለ 4 ተገለበጠ። ኩደርሜቶቫም ከአራት ዓመት በፊት ያመለጣትን ዋንጫ፣ ያኔ ካሸነፈቻት ተጫዋች ጋር ተጣምራ ወሰደች።