የተጫዋች ነጥብ ሥርዓት ምንድን ነው? የቪክቶሪያ ፉቲ ክለቦች ቡድናቸውን ለምን እየደመሩ ያሰልፋሉ?

ሐሙስ ማታ፣ ከልምምድ በኋላ። ተጫዋቾቹ ጫማቸው ላይ የተጋገረውን ጭቃ እያራገፉ ወደ መኪናቸው ይሄዳሉ። በክለቡ ቤት ውስጥ ግን አሠልጣኙ፣ የቡድን መሪውና ተጫዋች መራጮቹ አንድ የስም ዝርዝር ላይ አጎንብሰው ቀርተዋል። የሚከራከሩት ማን ይሻላል በሚለው አይደለም፤ እሱ ካለቀ ቆይቷል። የሚከራከሩት ከየስሙ አጠገብ በተጻፈው ቁጥር ነው። ሃያ ሁለቱ ስሞች ሲደመሩ 41 መጥቷል፤ ለክለቡ የተፈቀደው ደግሞ 40 ነው። ከቅዳሜ በፊት አንድ ነጥብ መውረድ አለበት።

ይህ ቁጥር የተጫዋች ነጥብ ይባላል። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ስቴት የሚገኙ የማኅበረሰብ ፉቲ (የአውስትራሊያ ፉትቦል) ክለቦች፣ ማለትም በበጎ ፈቃደኞች የሚንቀሳቀሱት የሰፈርና የገጠር ከተማ ክለቦች፣ ዋናውን የአዋቂ ቡድናቸውን የሚያሰልፉት በዚህ ሥርዓት ተገዝተው ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ከየት እንደመጣና በምን ደረጃ ሲጫወት እንደቆየ ታይቶ ነጥብ ይሰጠዋል። የተሰላፊዎቹ ድምር ለክለቡ ከተቆረጠለት ጣሪያ ማለፍ አይችልም።

ለጨዋታው አዲስ የሆነ ሰው እዚህ ላይ በቀላሉ ይደናገራል፤ ፉቲ ውስጥ ነጥብ የሚባለው ነገር ሦስት ዓይነት ነውና። አንደኛው ሜዳ ላይ የሚቆጠረው ነው፤ በሁለቱ ረጃጅም ምሰሶዎች መካከል በእግር የገባ ኳስ 6፣ ከጎን ባሉት አጫጭር ምሰሶዎች በኩል ያለፈ 1 ያስገኛል። ሁለተኛው የደረጃ ሰንጠረዥ ነጥብ ነው፤ ማሸነፍ 4፣ አቻ መውጣት 2 ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ሦስተኛው ነው። ይህኛው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ላይ ያልቃል፤ ሆኖም ሲጣስ ሁለተኛውን ሊያስቀማ ይችላል።

ሕጉን የሚያወጣው ማን ነው? በአውስትራሊያ ፉቲ ከላይ እስከ ታች በእርከን ይተዳደራል። ከላይ ብሔራዊው አካል ኤኤፍኤል አለ፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ውድድርም በዚሁ ስም ይጠራል። ከእሱ ቀጥሎ በየስቴቱ የማኅበረሰቡን ጨዋታ የሚመራ አካል ይመጣል። በቪክቶሪያ ይህ ኤኤፍኤል ቪክቶሪያ ነው። በደቡብ አውስትራሊያ ከ1877 ጀምሮ የቆየው ኤስኤኤንኤፍኤል፣ በምዕራብ አውስትራሊያ ደግሞ የስቴቱ የፉትቦል ኮሚሽን ይህንን ሥራ ይሠራሉ። በስቴቱ አካል ሥር ሊጎች ይገኛሉ፤ ለምሳሌ በምዕራብ ሜልበርን ፉትስክሬይና ፍሌሚንግተን አካባቢ ለሚኖሩ የእኛ ቤተሰቦች ቅርብ የሆኑት ዌስተርን ሪጅንና ኤሰንደን ዲስትሪክት ናቸው። ክለቡ ከሁሉም በታች ነው። የነጥቡን አመዳደብ የስቴቱ አካል በፖሊሲ ያወጣል፤ ሊጉ ለየክለቡ ጣሪያ ይቆርጣል፤ ክለቡ ደግሞ በየሳምንቱ ይደምራል። ስለዚህ ቅሬታ ያለው ሰው በመጀመሪያ የሚያነጋግረው ክለቡን ነው፤ ክለቡ ወደ ሊጉ ይወስደዋል። በቀጥታ ለኤኤፍኤል የሚጻፍ ደብዳቤ ተመልሶ የሚመጣው ወደዚሁ ሊግ ነው።

ቪክቶሪያ ሥርዓቱን በመላው ስቴት ተግባራዊ ያደረገችው ከ2016 የውድድር ዘመን ጀምሮ ነው። በ2017 የተጫዋቾች ክፍያ ጣሪያ ተከተለው። ሁለቱም የመጡት ክለቦችን ከመክሰር ለማዳን ነው። የአንድ ገጠር ክለብ ገቢ ከመግቢያ ክፍያ፣ ከምግብና መጠጥ ሽያጭ፣ ከሰፈሩ ሱቆች ስፖንሰርነትና ከአባላት መዋጮ የሚገኝ ነው። አንዱ ክለብ ዋንጫ ፍለጋ ከሜልበርን ተጫዋች በገንዘብ ሲያስመጣ ጎረቤቱም እንዳይዋረድ ብሎ ይከተላል። ቅዳሜ ጠዋት ሁለትና ሦስት ሰዓት ነድቶ መጥቶ፣ ተጫውቶ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ማታ የሚመለስ ተጫዋች በሰኞው የጽዳት ሥራ ላይ አይገኝም፤ የታዳጊዎች አሠልጣኝም አይሆንም። ገንዘቡ ግን ከታዳጊዎቹ ኳስና ማሊያ የተቀነሰ ነው። ያልቻለው ክለብ በየሳምንቱ ከመቶ በላይ በሆነ ልዩነት እየተሸነፈ ልጆቹን ያጣል፤ ሁለተኛው (ሪዘርቭ) ቡድኑ ይፈርሳል፤ በመጨረሻም ከሌላ ክለብ ጋር ይዋሃዳል ወይም ይዘጋል። በአንዲት ትንሽ ከተማ ክለብ ተዘጋ ማለት ቅዳሜ ሰው የሚገናኝበት ቦታ ጠፋ ማለት ነው። ለዚህ ነው ጉዳዩ ከስፖርት ሕግ በላይ ክብደት ያለው።

አሁን ወደ አቆጣጠሩ እንግባ። ዝቅተኛው ነጥብ 1 ነው፤ እሱም የሚሰጠው ለቤት ልጅ ነው። ክለቦቹ በእንግሊዝኛ ሆም ፕሌየር ይሉታል፤ የእኛ “የቤት ልጅ” ግን ትርጉሙን በደንብ ይይዘዋል፦ በዚያው ክለብ በታዳጊነቱ ፖሊሲው የሚጠይቀውን ያህል ጨዋታ ያደረገ ልጅ ማለት ነው። ከአጎራባች ክለብ የመጣ መደበኛ ተጫዋች ከዚያ ከፍ ይላል። ከጠንካራ ሊግ የመጣ ደግሞ የበለጠ ከፍ ይላል። በስቴቱ ከፍተኛ ውድድር በቪኤፍኤል ወይም በራሱ በኤኤፍኤል በቅርብ ዓመታት የተጫወተ ሰው በላይኛው እርከን ላይ ይቀመጣል። በአጭር ጊዜ ውስጥ ክለብ የሚቀያይር ተጫዋች ተጨማሪ ነጥብ ይጫንበታል፤ ይህ በየዓመቱ ለተሻለ ከፋይ የሚዞረውን ሰው ታስቦ የተቀመጠ ነው። በአንጻሩ እዚያው ክለብ የቆየ ተጫዋች በየውድድር ዘመኑ ነጥቡ እየቀነሰ 1 እስኪሆን ይወርዳል። የቤት ልጅ ደግሞ ወደ ትልቅ ሊግ ሄዶ፣ ስም አትርፎ ሲመለስ በ1 ነጥብ ይገባል። አድጎ የወጣ ልጅ ወደ አሳደገው ክለብ እንዲመለስ በሩ ሁልጊዜ ክፍት እንዲሆን ነው።

የሐሙሱን ዝርዝር በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው። ሜዳ የሚገቡት 18፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ 4፣ በድምሩ 22 ሰው። ከእነዚህ 14ቱ የቤት ልጆች ናቸው፣ 14 ነጥብ። ከጎረቤት ክለብ መጥተው የቆዩት 4 ሰዎች እያንዳንዳቸው 2 አላቸው፣ 8 ነጥብ። ዘንድሮ የመጡት አራቱ ደግሞ 4፣ 4፣ 5 እና 6 ናቸው፣ 19 ነጥብ። ድምሩ 41 ይሆናል። መራጮቹ ባለ 6ቱን አውጥተው የቤት ልጅ ቢያስገቡ ድምሩ ወደ 36 ይወርዳል፤ ከሚያስፈልገው በላይ ተከፈለ ማለት ነው። ከባለ 2ቶቹ አንዱን በቤት ልጅ ቢተኩት ግን ልክ 40 ይመጣል። ስለዚህ የሚቀረው ባለ 2 ነው። የሥርዓቱ ጉድለት እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል፦ ጣሪያው ሲጠብ ብዙ ጊዜ ከቡድኑ የሚወጣው ትልቅ ነጥብ የያዘው አዲስ መጪ ሳይሆን ሁለት ዓመት ሲያገለግል የቆየው መካከለኛ ተጫዋች ነው። ይህንን የሚያውቅ አሠልጣኝ ውሳኔውን ለተጫዋቹ በቡድኑ የስልክ መልእክት አይልከውም፤ ፊት ለፊት ያስረዳዋል።

ጥቅሙ የሚታየው ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ነው። ሃያ ሁለቱም ሳይበተኑ ከቆዩ ባለ 2ቶቹ ወደ 1 ይወርዳሉ፤ አዲስ የነበሩት አራቱም አንዳንድ ይቀንሳሉ። ድምሩ 14 እና 4 እና 15፣ ማለትም 33 ይሆናል። ክለቡ ለማንም ምንም ሳይከፍል 7 ነጥብ አተረፈ። ቡድኑን በየዓመቱ አፍርሶ የሚሠራ ክለብ ይህንን ትርፍ በፍጹም አያገኝም። ታዳጊ ቡድኖቹን አጠናክሮ የያዘ ክለብ 14 የነበሩትን የቤት ልጆች 18 ሲያደርስ ደግሞ ከውጭ ለሚያመጣቸው ጥቂቶች ሰፊ ቦታ ይኖረዋል። የሥርዓቱ አዋቂነት ቅጣቱ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን፤ ከ12 ዓመት በታች ቡድን የሚያሠለጥነው በጎ ፈቃደኛ የሚሠራው ሥራ ከስድስት ዓመት በኋላ በዋናው ቡድን ሒሳብ ላይ ቁጥር ሆኖ ይወጣል።

ሁሉም ክለብ አንድ ዓይነት ጣሪያ የለውም። ሊጉ የክለቡን ያለፉ ውጤቶች፣ የሚገኝበትን ቦታና የታዳጊ ቡድን ያለው መሆን አለመሆኑን አይቶ ይወስናል። በሰንጠረዡ ግርጌ የቆየ ወይም ከከተማ የራቀ ክለብ ከፍ ያለ ጣሪያ ሊሰጠው ይችላል፤ ዋንጫ ያነሳው ይጠብበታል። ክለቦች ጣሪያቸው ይስተካከልልን ብለው የሚጠይቁት ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት፣ በጽሑፍና በማስረጃ ነው። ካለፈው ዓመት ዝርዝር ጋር ስንት ሰው እንደለቀቀ፣ በዕድሜ ወደ ዋናው ቡድን የሚገቡት ታዳጊዎች ስንት እንደሆኑ በስም ዘርዝሮ ያቀረበ ክለብ ይሰማል። “ተቸግረናል” ብቻ የሚል ደብዳቤ ውጤት አያመጣም።

ስህተት በብዛት የሚፈጠረው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሐሙስ 40 ሆኖ የተዘጋው ዝርዝር ቅዳሜ አንድ የቤት ልጅ ሲታመም ይናጋል። የቡድን መሪው ተጠባባቂውን ይጠራል፤ ሰውየው ባለ 3 መሆኑን ግን በጥድፊያው አያስታውስም። ድምሩ 42 ይገባል፤ ቡድኑ ያሸንፋል፤ ሰኞ ከሊጉ ደብዳቤ ይመጣል። ቅጣቱ የገንዘብ መቀጮ ወይም በዚያ ጨዋታ የተገኘው 4 ነጥብ መነጠቅ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከ22ቱ በተጨማሪ የሚጻፉት ሁለትና ሦስት ተጠባባቂዎች ሁሉ ባለ 1 እንዲሆኑ ማድረግ። የጭንቅላት ጉዳትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በማኅበረሰብ ፉቲ አንጎሉ የተናወጠ ተጫዋች ጉዳቱ ከደረሰ ቢያንስ 21 ቀን ሳይሞላው ወደ ግጥሚያ አይመለስም። ስለዚህ መራጮቹ የሚያስቡት ለአንድ ቅዳሜ ሳይሆን ለሦስት ሳምንት ሒሳብ ነው። ነጥብ ስለጠበበ ብቻ የተጎዳን ልጅ ቀድሞ የሚመልስ ክለብ ደግሞ ልጁን ለከባድ አደጋ ያጋልጣል፤ በዚህ ላይ ምንም ድርድር ሊኖር አይገባም።

ሁለተኛው ስህተት ዝውውር ላይ ነው። የአዋቂዎች ዝውውር የሚዘጋው ጁን 30 ነው። በመጨረሻው ሳምንት ተቻኩሎ የገባ ተጫዋች ቀደም ሲል በሌላ ስቴት የተጫወተውን ሳይናገር ቢቀርና በኋላ ቢገኝ፣ ነጥቡ ተስተካክሎ ላለፉት ጨዋታዎችም እንደገና ሊሰላ ይችላል። መዝጋቢው ከማስፈረሙ በፊት ያለፉትን ሦስት ዓመታት ክለብ በክለብ ማስሞላት አለበት።

የክፍያ ጣሪያው የነጥቡ ወንድም ነው። ነጥብ ብቻውን ቢተው ኖሮ አንድ ሀብታም ክለብ የተፈቀደለትን ነጥብ በውድ ዋጋ ይሞላው ነበር። ክለቡ ለተጫዋቾቹ በዓመት የሚከፍለው ድምር ሊጉ ከወሰነው እንዳያልፍ ተደርጓል፤ የሚከፈለው ሁሉ ይገለጻል። ስፖንሰሩ በኪሱ የሰጠው ብርም እንደ ክለቡ ክፍያ ይቆጠራል። ነጥብን ማንም ሰው ከመዝገብ አይቶ መደመር ይችላል፤ በእጅ የተሰጠን ጥሬ ገንዘብ ግን መከታተል ይከብዳል። የሥርዓቱ ደካማ ጎን ይሄ ነው፤ የሚቆመውም ፎርሙን በሚፈርሙ ሰዎች ታማኝነት ላይ ነው።

ልጃቸውን ፉቲ የሚያስጫውቱ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር በጥብቅ ሊይዙ ይገባል፤ እሱም መዝገብ ነው። የልጁ ጨዋታዎች የሚቆጠሩት ክለቦች በሚጠቀሙበት የፕሌይኤችኪው መዝገብ ላይ ነው። አንድ ዓመት አባት ልጁን በአያቱ ስም ጨርሶ ይመዘግበዋል፤ በሌላው ዓመት እናት የአባቱን ስም በሌላ የላቲን ፊደል አጻጻፍ ታስገባዋለች፤ የትውልድ ቀን ከእኛ አቆጣጠር ሲቀየርም ይዛነፋል። መዝገቡ ሁለት ልጅ አድርጎ ይይዘዋል፤ የጨዋታ ታሪኩም ለሁለት ይከፈላል። 40 ጨዋታ ይጠየቃል ብንልና ልጁ በዓመት 14 ቢጫወት ሦስት ሙሉ ዓመት ያስፈልገዋል፤ አንዱ ዓመት በሌላ ስም ሥር ከጠፋ በገዛ ክለቡ የቤት ልጅ ሳይባል ይቀራል። ስለዚህ በየዓመቱ ሲመዘገብ አዲስ መገለጫ አይከፈት፤ የቀድሞው ይፈለግ። ስሙ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል ይጻፍ። ሁለት መገለጫ ከተገኘ የክለቡ መዝጋቢ ሊጉን ጠይቆ አንድ ያስደርገዋል፤ ይህም ልጁ ከ18 ዓመት በታች ቡድን ከመውጣቱ በፊት፣ አሠልጣኞቹ አብሯቸው መጫወቱን በሚያስታውሱበት ጊዜ ቢሆን ይቀላል።