የካርቦን አረፋ አሠራር

የካርቦን አረፋ እንደ እንጀራ ዓይን የበዛበት ጠጣር ካርቦን ነው። አብዛኛው ይዘቱ ባዶ ቦታ ነው። ሙቀት አሳላፊ ወይም ሙቀት ከልካይ የሚያደርገው ግን ከዓይኖቹ ይልቅ በመካከላቸው ያለው ስስ ግድግዳ ነው። የግድግዳውን ባሕርይ የሚወስነውም ጥሬ ዕቃው ሲሞቅ መቅለጡ ወይም ሳይቀልጥ መክሰሉ ነው።

ሳይቀልጥ የሚከስለው ቀድሞ የመጣ ነው። ዋልተር ፎርድ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፕላስቲክ አረፋን በማክሰል ጀመረው። ዛሬ በተለመደው አሠራር የፖሊዩረቴን (የፕላስቲክ ዓይነት) ስፖንጅ በፊኖል ሬዚን፣ ማለትም ሲሞቅ በሚጠነክር ሙጫ መሰል ፈሳሽ፣ ይነከራል፣ ትርፉ ይጨመቃል፣ ሬዚኑ እንዲጠነክር ይደረጋል፣ ከዚያ አየር በሌለበት እቶን እስከ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይከስላል። በዚህ ጊዜ ቁራጩ በየጎኑ አንድ ሦስተኛ ያህል ስለሚቀንስ ስፖንጁ ሲቆረጥ ተርፎ መቆረጥ አለበት። ጭመቃው ካነሰ ዓይኖቹ በሬዚን ይደፈናሉ። ውጤቱ እንደ መስታወት የሚሰበር፣ የቱንም ያህል ቢሞቅ በቀላሉ ግራፋይት (አተሞቹ በንብርብር ተደርድረው ሙቀትን በደንብ የሚያሳልፍ የካርቦን ዓይነት) የማይሆን ካርቦን ነው።

የሚቀልጠው ፒች፣ ማለትም ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ወይም ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ ጥቁር ዝፍት መሰል ነገር፣ ግን ሌላ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ጄምስ ክሌት ያወጣው ዘዴ የሚጠቀመው ሜዞፌዝ ፒችን ነው። የዚህ ፒች ሞለኪውሎች እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ናቸው፤ አረፋው ሲነፋ በግድግዳው ላይ ይደረደራሉ፣ ድርድሩም በኋላ ግራፋይት ይሆናል። ዱቄቱ ፒች በማይጣበቅበት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይደረግና አየሩ በቫኪዩም ይወጣል። የተረፈ ኦክስጅን ሞለኪውሎቹን ያለጊዜያቸው ስለሚያስተሳስር ፒቹ በደንብ እንዳይፈስ ያደርጋል። ከመለስለሻው ነጥብ (280 ዲግሪ ገደማ) ከ50 እስከ 100 ዲግሪ አልፎ ሲቀልጥ ናይትሮጅን እስከ 70 ባር ገደማ ይገባል፣ ሙቀቱም ከ500 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ከፒቹ የሚወጣው ጋዝ ራሱ አረፋውን ይነፋል፤ ፒቹም እየወፈረ ሄዶ እንደተነፋ ይደርቃል። ግፊቱ ሲያንስ ዓይኖቹ ይሰፋሉ፤ ሲበዛ ይጠባሉ፣ አረፋውም ይከብዳል። የታችኛው ክፍል ከላይኛው ይልቅ ጥቅጥቅ ስለሚል ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይጣላል። አረፋው እየቀዘቀዘ ሳለ ግፊቱ በዝግታ ካልተለቀቀ በዓይኖቹ ውስጥ የታሰረው ጋዝ አረፋውን ይሰነጥቀዋል።

ከዚህ በፊት የነበሩት የፒች ዘዴዎች አረፋውን ዳግም እንዳይቀልጥ በአየር ያበስሉት ነበር። ወፍራም ቁራጭ ላይ ኦክስጅኑ መሃሉን ስለማይደርስ ላይ ላዩ ብቻ ይጠነክርና ውስጡ ይወድቃል። የክሌት ዘዴ ትልቁ ጥቅም ይህን ደረጃ ማስቀረቱ ነው።

ቀጥሎ ያለው ማክሰል ትዕግሥት ይጠይቃል። በደቂቃ 0.2 ዲግሪ ብቻ እየጨመረ 1000 ዲግሪ ለመድረስ ከ3 ቀን በላይ ይፈጃል። በመጨረሻ በአርጎን (ከካርቦን ጋር በማይዋሃድ ጋዝ) ውስጥ 2800 ዲግሪ ደርሶ ግራፋይት ይሆናል። እፍግታው በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.54 ግራም የሆነ አረፋ በሜትር በኬልቪን (በአንድ ዲግሪ የሙቀት ልዩነት) እስከ 150 ዋት ሙቀት ያስተላልፋል። መዳብ 400 ያህል ያስተላልፋል፣ እፍግታው ግን 8.9 ነው፤ ክብደት ለክብደት አረፋው በ6 እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

ርካሽ መንገድም አለ። ሲሞቅ የሚያብጥ የድንጋይ ከሰል ዱቄት በግፊት ሲሞቅ ራሱ አረፋ ይሆናል። ከግራር ቅርፊት የሚገኘው ታኒን ደግሞ ከፉርፉሪል አልኮል (ከዕፅዋት ተረፈ ምርት ከሚሠራ ፈሳሽ) እና ከአሲድ ጋር ሲቀላቀል ያለ ግፊት ዕቃ በደቂቃዎች ውስጥ ይነፋል። ሁለቱም ሙቀት ለመከልከል እንጂ ለማስተላለፍ አይመረጡም። ከ500 ዲግሪ በላይ አየር ባለበት ቦታ መከላከያ ቅብ ከሌላቸው ቀስ በቀስ ይቃጠላሉ።