«ሰው ካየ ቤት አይጠብቅም» ይላሉ

ሰሞኑን አንድ ሰው ደወለልኝ። የሁለት ወር የሮትዋይለር ውሻ ቡችላ ገዝቷል። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ «ማንም እንዳያየው ጓሮ አስሬዋለሁ፤ ልክ ነኝ አይደል ወንድሜ?» አለኝ። ልክ አይደለህም አልኩት። ውሻ ማሠልጠን ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ጥያቄ ሳልሰማ ያለፈ ወር የለም። ስለሰለቸኝ፣ ሰው ስለዚህ ውሻ የሚለውን አንድ በአንድ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

«ቡችላ ሰው ከለመደ ቤት አይጠብቅም»

ብዙ ውሻ ያበላሸብን ይሄ ነው። ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት ዋናው ጊዜ ከ3ኛው ሳምንት እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ በደህና ያየውን ነገር ሲያድግ ንቆ ያልፈዋል። ያላየውን ይፈራዋል። የፈራ ውሻ ደግሞ ይነክሳል፤ ሌባውንም የአክስትህን ልጅም አይለይም።

ሮትዋይለር ስሙን ያገኘው ደቡብ ጀርመን ካለችው ከሮትዋይል ከተማ ነው። የከብት ነጂዎችና የሥጋ ነጋዴዎች ውሻ ነበር። ከብት ይነዳል፣ ጋሪ ይጎትታል፣ በሰው መሃል ይውላል። ወንዱ ሲያድግ 50 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ይህን የሚያህል ውሻ ሰው ሳያይ አድጎ ሲደነብር ምን እንደሚሆን አስቡት።

አንድ ግቢ ተጠርቼ ሄድኩ። ውሻው ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ከቆርቆሮ ቤቱ ፊት፣ ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ መሬቱ ተፍቆ ግማሽ ክብ ሠርቷል። ሣር የሚባል የለም። የነከሰው ከገጠር የመጡትን የባለቤቱን እናት ነው። ጋቢ ተከናንበው፣ ዱላ ይዘው ገቡ። እሱ ደግሞ ጋቢም ዱላም አይቶ አያውቅም። እማማ ክንዳቸው ተሰፋ። ስጠጋው ይጮሃል፤ ግን ጅራቱ እግሩ መሃል ገብቷል፣ ጆሮው ተለጥፏል፣ እየጮኸ ወደ ኋላ ይሸሻል። ባለቤቱ «ቁጣውን አየህልኝ?» አለ። ያየሁት ፍርሃት ነበር። ሰባት ወር ለፋን። ዛሬም እንግዳ ሲመጣ ለብቻው ይዘጋበታል።

ስለዚህ ቡችላውን አቅፋችሁ የግቢው በር ላይ ቁሙ። ጥላ የዘረጋ ቄስ ይይ፤ ነጠላ ያጣፋች ሴት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች፣ ባጃጅ፣ «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈውን ልጅ፣ ቆጣሪ የሚያነበውን ሰው ሁሉ ይይ። ባየ ቁጥር ጣት ጫፍ የምታህል የተቀቀለ ሥጋ ስጡት። ከደነገጠ ራቅ በሉ እንጂ አትግፉት። ሁሉም ሰው ይደባብሰው አላልኩም፤ አይቶ ይለፍ ነው የምለው። ግቢ መጠበቁ በደሙ አለ፤ ሲጎለምስ በራሱ ይመጣል።

«ክትባቱን ሳይጨርስ ከቤት አይውጣ»

ግማሹ እውነት ነው። ፓርቮ የሚባለው የአንጀት በሽታ ቡችላ ይገድላል፤ የመንገድ ውሾች የሚውሉበት መሬት ላይ አታውርዱት። ግን ክንዳችሁ ላይ ሆኖ ማየት ይችላል። ክትባቱ እስኪያልቅ ከጠበቃችሁ ያ ወርቃማ ጊዜ ያልፋል። በሦስት ወሩ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወጋ፤ ከዚያም ሐኪሙ በቀጠረላችሁ ጊዜ ይደገም። በዚህ ቀልድ የለም። ውሻ የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

«ጌታው ማን እንደሆነ በዱላ አሳየው»

ይህ ሐሳብ ብዙ ርቀት የሄደው ሩዶልፍ ሼንከል የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1947 ተኩላዎች ለአለቃነት ይፋለማሉ ብሎ ካሳተመው ጥናት ተነስቶ ነው። የተጠኑት ግን አጥር ውስጥ አንድ ላይ የተዘጋባቸው ተኩላዎች ነበሩ። የተኩላ ተመራማሪው ዴቪድ ሜች እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳስረዳው ዱር ያለው የተኩላ መንጋ በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆቻቸው ናቸው። የተመታ ሮትዋይለር ማጉረምረሙን ይተዋል። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። እሱን ካጠፋችሁበት ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

«ጥሬ ሥጋና ሚጥሚጣ ኃይለኛ ያደርገዋል»

ሚጥሚጣ አንጀቱን ያቃጥለዋል፤ ጥሬ ሥጋ ትል ሊያመጣበት ይችላል። ሌላ ነገር የለውም።

«ጆሮው ከተቆረጠ ኃይለኛ ይሆናል»

ያመዋል፣ ያመረቅዛል። አትቁረጡ።

«ስድስት ወር ሳይሞላው አይሠለጥንም»

በሁለት ወሩ «ተቀመጥ» ይማራል።

«ግትር ነው፣ አይሰማም»

ራሱን የቻለ ውሻ ነው፤ እውነት ነው። ግን ብዙ ቤት ስሄድ አባት «ና» ይላል፣ እናት «እዚህ» ትላለች፣ ልጆቹ «ካም»፣ ዘበኛው ያፏጫል። ውሻው ግራ ገብቶት ቆሞ ያያል። ዛሬ ማታ ተሰብሰቡና በአንድ ቃል ተስማሙ። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉት፤ ዘበኛውም እንዲያየው።